«አዞረኝ»፦ የኤምአርአይ ሠራተኞችና የአውሮፓ ኅብረት የ9 ዓመት ክርክር

ማደንዘዣ የተሰጠው ሕፃን ኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) ሲነሣ ብቻውን አይተውም። ትንፋሹንና የልብ ምቱን የሚከታተል ባለሙያ አጠገቡ ይቆማል፤ የመተንፈሻ ቱቦው የተነቃነቀ ከመሰለው ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን ወደ ማሽኑ አፍ ያስጠጋል። የቀሩት ከመስታወቱ ወዲያ፣ መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ናቸው። እሱ ግን ማሽኑ እየጮኸ፣ ማግኔቱ እየሳበ ከልጁ ጋር ይቆያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያጸደቀው አንድ መመሪያ እንደተጻፈ ሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ሰው እዚያ ቦታ መቆሙ ሕግ መተላለፍ ሊሆን ይችል ነበር። መመሪያው የወጣው ደግሞ ለእሱ ለራሱ ደኅንነት ተብሎ ነው።

ጉዳዩን ከመነሻው ልተርከው፤ ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መተረኩ አስፈላጊ የመሰለኝ፣ ስለ ሠራተኛው ደኅንነት ይህን ያህል ዓመት ሲከራከሩ ሠራተኛው ራሱ ምን እንደሚሰማው የሚለው ጥያቄ ዳር ተገፍቶ ስለቆየ ነው። ሲጠየቅም የሰጠው መልስ ከሁለቱም ተከራካሪዎች፣ ከሕግ አውጪዎቹም ከራዲዮሎጂ ባለሙያዎቹም፣ ግምት የተለየ ነበር።

የማይጠፋው ማግኔት

በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ክፍል የሚሠራ ሰው አደጋው መቼ እንዳለና መቼ እንደሌለ ያውቃል። ቁልፉ ሲጫን ጨረር አለ፤ ሲለቀቅ የለም። ኤምአርአይ እንዲህ አይደለም። እንደ ራጅ ያለ ጨረር አያወጣም፤ ማግኔቱ ግን ሌሊትም፣ በዓልም፣ ሕመምተኛ ባይኖርም ሥራ ላይ ነው። በአብዛኞቹ የሆስፒታል ማሽኖች ውስጥ ከኒዮቢየምና ከቲታኒየም የተሠራ የሽቦ ጥቅል አለ። ጥቅሉ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። በዚያ ቅዝቃዜ ሽቦው ለኤሌክትሪክ ምንም ተቃውሞ ስለሌለው አንዴ የገባው ኃይል ሳይቋረጥ ለዓመታት ይዞራል። የተለመደው 1.5 ቴስላ (ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ ብርታት መለኪያ ነው) ማሽን የሚፈጥረው መስክ ከመሬት መግነጢሳዊ መስክ 30,000 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ የ3 ቴስላው 60,000።

በዚህ ቋሚ መስክ ላይ ሁለት ሌሎች ይደረባሉ። አንደኛው ምስሉ በሚነሣበት ጊዜ ግራዲየንት በሚባሉት ጥቅልሎች የሚፈጠረውና በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ የሚለዋወጠው መስክ ነው፤ ያ ጆሮ የሚያደነቁር ኳኳታ ከእሱ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሕመምተኛውን አስተኝቶ የሚወጣ ቴክኖሎጂስት የሚያገኘው በአብዛኛው ቋሚውን መስክ ብቻ ነው። ሕፃኑ አጠገብ የሚቀረው ባለሙያ ግን ሦስቱንም ያገኛል።

ቋሚው መስክ አይታይም፣ አይሸትም፣ አይሰማም። ኳኳታው ሲቆም ክፍሉ ፀጥ ይላል፤ ፀጥ ያለ ማሽን ደግሞ የጠፋ ይመስላል። በ2001 በኒውዮርክ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የ6 ዓመት ልጅ የሞተው ማደንዘዣ ተሰጥቶት ማሽኑ ውስጥ ሳለ ነው። ኦክስጅን አስፈለገ፤ የብረት ሲሊንደር ወደ ክፍሉ ገባ፤ ማግኔቱ ስቦት የልጁን ጭንቅላት መታው። ሲሊንደሩ የመጣው ልጁን ለመርዳት በሚጣደፉ የሕክምና ሠራተኞች እጅ ነው። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ ባወጣው የደኅንነት ሰነድ የማሽኑ አካባቢ በ4 ቀጠና እንዲከፈልና ወደ ውስጥ በተጠጉ ቁጥር ቁጥጥሩ እንዲጠብቅ መከረ።

ይህን አሳዛኝ ታሪክ እዚህ ያመጣሁት ለአውሮፓው ጉዳይ መለኪያ እንዲሆነን ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ምንም አለመሰማት ከአደጋ ነፃ መሆን ማለት አይደለም። ኋላ እንደምናየው፣ አንድ ነገር መሰማቱም ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም። በስሜትና በእውነተኛው አደጋ መካከል ያለው ይህ ክፍተት ነው ሕግ አውጪዎቹን ለዓመታት ያስቸገረው።

ቁጥሩ ከየት መጣ

የ2004ቱ መመሪያ፣ በመዝገብ ስሙ 2004/40፣ የተጻፈው ለኤምአርአይ ተብሎ አይደለም። ብየዳን፣ የብረት ማቅለጫ ምድጃን፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያን፣ የሬዲዮ ማሠራጫ ማማን፣ ባጠቃላይ ሠራተኛ ኤሌክትሮማግኔታዊ መስክ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ በአንድ መጋረጃ ለመሸፈን የታሰበ ነበር። ወሰኖቹን የወሰደው ዓለም አቀፉ የአዮን አልባ ጨረር (እንደ ራጅ ያልሆነ ጨረር) መከላከያ ኮሚሽን በ1998 ካወጣው ምክረ ሐሳብ ነው።

የምክረ ሐሳቡ ስሌት ለመረዳት አይከብድም። የሚለዋወጥ መስክ በሰውነት ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል። ይህ ፍሰት በካሬ ሜትር 100 ሚሊአምፔር ከደረሰ የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን ነርቮች ሊነካ ይችላል ተባለ። ለጥንቃቄ ሲባል ቁጥሩ ለ10 ተካፈለና ለሠራተኛ 10 ሚሊአምፔር ወሰን ተደረገ። ይህ ወሰን ከ4 እስከ 1,000 ኸርትዝ (በሰከንድ ከ4 እስከ 1,000 ጊዜ) ባለው ድግግሞሽ ላይ የሚሠራ ነው፤ የግራዲየንት መስክ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው እዚያው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ምስል በሚነሣበት ጊዜ ማሽኑ አፍ አጠገብ የሚቆም ሰው ከወሰኑ ሊያልፍ ይችላል። ጭንቅላቱን በጠንካራ ቋሚ መስክ ውስጥ ፈጠን አድርጎ የሚያዞር ሰውም እንዲሁ፤ ምክንያቱም መስኩ ባይንቀሳቀስም ሰውየው ሲንቀሳቀስ ለሰውነቱ እንደሚለዋወጥ መስክ ይሆንበታል።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። መመሪያው የሚመለከተው ሠራተኛውን ብቻ ነው። ማሽኑ መሐል፣ መስኩ ከሁሉም በላይ በበረታበት ቦታ የተኛው ሕመምተኛ በሌላ ደንብ የሚተዳደር ነው። ስለዚህ ልጁን ማሽኑ ውስጥ ማስገባት የተፈቀደ፣ ከጎኑ ቆሞ እጁን መያዝ የተከለከለ የሚሆንበት ሁኔታ ተፈጠረ።

የአንድ ሳምንት ልዩነት

አባል አገሮች መመሪያውን በየሕጋቸው እንዲያካትቱ የተሰጣቸው ቀነ ገደብ ሚያዝያ 30 ቀን 2008 ነበር። ቀኑ ሲቃረብ የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ተደናገጡ። በ2007 የሕክምና ማኅበራት፣ የነርቭ ሕመምተኞች ማኅበራትና የአውሮፓ ፓርላማ አባላት የተሰባሰቡበት የኤምአርአይ ጥምረት ተመሠረተ። ጥምረቱ ሦስት ሥራዎች ይቆማሉ ብሎ ሰጋ፦ ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና ማደንዘዣ የተሰጣቸውን ሕመምተኞች አጠገባቸው ሆኖ መከታተል፤ በምስሉ እየተመሩ የሚደረጉ የቀዶ ሕክምና ሥራዎች፤ ማሽኑን ለማሻሻል የሚካሄድ ምርምር። ሐኪሞች ከኤምአርአይ ሸሽተው ወደ ሲቲ ስካንና ወደ ራጅ ቢመለሱ ደግሞ ሕመምተኛውም ሠራተኛውም ጉዳቱ በእርግጥ ለታወቀ ጨረር ይጋለጣሉ። ይህ ክርክር ጠንካራ ነበር፤ አሁንም ጠንካራ ነው።

ቀነ ገደቡ ሊያልቅ 7 ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2008፣ በ4 ዓመት ተራዘመ። አራቱ ዓመት አለፈ፤ መፍትሔ አልተገኘም። ሚያዝያ 19 ቀን 2012 ደግሞ፣ ሁለተኛው ቀነ ገደብ ሊደርስ 11 ቀን ሲቀረው፣ እስከ ጥቅምት 31 ቀን 2013 እንደገና ተራዘመ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የራዲዮሎጂ ባለሙያዎቹ ደጋግመው ያነሡት ነጥብ ማሽኑ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እጅግ ብዙ ሕመምተኞችን አገልግሎ እንደ ራጅ ያለ ጉዳት አለማሳየቱ ነው። እውነት ነው። እኔ ግን ይህ መልስ ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ ይመስለኛል። ሕመምተኛው ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኝቶ ይሄዳል፤ ምናልባትም ዳግመኛ አይመለስም። ሠራተኛው በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ እስከ ጡረታው ይመላለሳል። ሕመምተኛው አይንቀሳቀስም፤ ሠራተኛው ጎንበስ ቀና ይላል፣ ይዞራል፣ ይጎትታል። የአንዱ ደኅንነት ለሌላው ምስክር ሊሆን አይችልም።

በሌላ በኩል የ10 ሚሊአምፔሩ ቁጥርም ሠራተኛው የሚናገረውን አይገልጽም ነበር። ቁጥሩ የተሰላው ነርቭ መቼ ይነካል ከሚለው ጥያቄ ተነሥቶ ነው። ሠራተኛው የሚናገረው ግን ስለ ማዞር ነበር።

ሠራተኛው ሲጠየቅ

የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥያቄውን በቀጥታ ለሠራተኛው ያቀረቡት በማስታወሻ ደብተር ነው። በ14 የኤምአርአይ ማዕከላት፣ ሆስፒታልም የምርምር ተቋምም ባሉበት፣ 361 ሠራተኞች በየፈረቃቸው የሠሩትንና የተሰማቸውን ጻፉ። ውጤቱ በ2014 ታተመ።

የጥናቱን አሠራር በተለይ ወደድኩት፤ ሁለት ጥንቃቄዎች ነበሩበት። አንደኛ፣ ከማግኔት ጋር ሊያያዙ ከሚችሉት ምልክቶች መካከል ምንም የማይያያዙም ተቀላቅለው ቀርበዋል፤ ሰው በጥርጣሬ ብቻ ሁሉንም «አዎ» እያለ ከሆነ በዚያ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ለማነጻጸሪያ የኤምአርአይ ሠራተኞች ወደ ማሽኑ ያልገቡባቸው ቀናት፣ እንዲሁም በኤምአርአይ ጨርሶ የማይሠሩ የሲቲ ስካን ቴክኖሎጂስቶች ተካተዋል።

እንደ ማሽኑ ዓይነትና ኃይል ይለያይ እንጂ፣ ከኤምአርአይ ፈረቃዎች ከ16 እስከ 39 በመቶ በሚሆኑት ምልክት ተመዝግቧል። ማሽኑ በበረታ ቁጥር ምልክቱም በዛ። ማግኔት ከሌለበት ፈረቃ ጋር ሲነጻጸር ምልክት የማሳወቅ ዕድሉ በ1.5 ቴስላ 1.88 እጥፍ፣ በ3 ቴስላ 2.14 እጥፍ፣ በ7 ቴስላ 4.17 እጥፍ ሆነ። ልዩነቱን በዋናነት ያመጡት ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ ራስን ማዞርና አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም።

እነዚህን ቁጥሮች ለማስፈራሪያ ማዋል ቀላል ነው፤ ከ61 እስከ 84 በመቶ በሚሆኑት ፈረቃዎች ምንም ምልክት አለመመዝገቡ ግን ሊዘለል አይገባም። ለማረጋጊያ ብቻ ማዋልም ስሕተት ነው። ከ100 ፈረቃ በ16ቱ ወይም በ39ኙ አንድ ነገር የሚሰማው ሠራተኛ ካለ፣ «ምንም የለውም፣ ሥራህን ቀጥል» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ማዞሩ የፍርሃት ውጤት ነው የሚለው ጥርጣሬም ከዚያ በፊት መልስ አግኝቶ ነበር። በ2011 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን 7 ቴስላ ማሽን ውስጥ በጨለማ አስተኝተው ዓይናቸውን ተከታተሉ። ሰዎቹ ሳይነቃነቁ ዓይናቸው ወደ አንድ ጎን ቀስ ብሎ እየሸሸ በፍጥነት ይመለስ ነበር፤ ሰው ሲሽከረከር የሚታየው ዓይነት እንቅስቃሴ ነው። የውስጠኛ ጆሯቸው ሚዛን ጠባቂ ክፍል የማይሠራ ተሳታፊዎች ላይ ግን ይህ አልታየም። ማብራሪያው የሚከተለው ነው፦ በውስጠኛው ጆሮ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ዘወትር የኤሌክትሪክ ኃይል ያላቸው አዮኖች ይፈስሳሉ፤ ጠንካራ መስክ ይህን ፍሰት ወደ ጎን ይገፋል፤ ፈሳሹም ሚዛንን የሚያውቀውን ስስ ክፍል ተጭኖ ሰውየው እየዞረ እንደሆነ ለአንጎል ይነግራል። «አዞረኝ» ያለው ሠራተኛ ጆሮው ውስጥ በእርግጥ የተፈጸመ ነገር ነበር የተናገረው።

በ2012 ደግሞ በኔዘርላንድ 31 ጤነኛ ፈቃደኞች በ7 ቴስላ ማሽን አጠገብ ጭንቅላታቸውን እያንቀሳቀሱ ፈተና ወስደዋል። የመስኩን መጠን ተፈታኙም ፈታኙም አያውቁም ነበር። ትኩረትና የነገሮችን አቅጣጫና አቀማመጥ በዓይን የመለየት ችሎታ በመስኩ ውስጥ ቀንሶ ተገኘ። ያው የምርምር ቡድን በአንድ የምስል መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ባለፈው ዓመት ለመስኩ ብዙ የተጋለጡት ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ሥራ ሲሄዱና ሲመለሱ አደጋ ወይም ለጥቂት የተረፉበት ሁኔታ እንደገጠማቸው ተናግረዋል። ይህ ሠራተኞቹ ራሳቸው ካስታወሱት የተወሰደ ስለሆነ መስኩ አደጋውን አመጣው ብሎ መደምደም አይቻልም። መጠየቅ ግን ይገባል፤ የሚያልፍ ማዞር በራሱ ቀላል ቢሆንም መርፌ በያዘ፣ ሕመምተኛ ባዘለ ወይም መሪ በጨበጠ ሰው ላይ ቀላል ላይሆን ይችላል።

የ2013ቱ መፍትሔ

ሰኔ 26 ቀን 2013 አዲሱ መመሪያ 2013/35 ጸደቀና አሮጌው አንድም ቀን በመላው ኅብረቱ ሥራ ላይ ሳይውል ተሻረ። አገሮች እስከ ሐምሌ 1 ቀን 2016 በሕጋቸው እንዲያካትቱት ተወሰነ።

አዲሱ ሕግ ለኤምአርአይ በር ከፈተ፤ በሩ ግን ወለል ብሎ የተከፈተ አይደለም። በሕክምናው ዘርፍ ማሽኑን ሲተክሉ፣ ሲፈትሹ፣ ሲጠቀሙ፣ ሲያሻሽሉ፣ ሲጠግኑ ወይም ሲመራመሩበት ከወሰኑ ማለፍ የሚቻለው በቅድመ ሁኔታ ነው። የአደጋ ግምገማው ወሰኑ መታለፉን ማሳየት አለበት። የዘመኑ ዕውቀት የሚፈቅደው ቴክኒካዊና አሠራራዊ እርምጃ ሁሉ መወሰድ አለበት። ወሰኑን ማለፍ በቂ ምክንያት ሊኖረው፣ የሥራ ቦታውና የአሠራሩ ጠባይም ከግምት ሊገባ ይገባል። አሠሪው ሠራተኛው አሁንም ከጉዳት የተጠበቀ መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል። የማስረዳቱ ሸክም አሠሪው ላይ መውደቁ ትልቅ ነገር ነው።

ለቋሚው መስክም ደረጃዎች ተቀመጡ። በተለመደ የሥራ ሁኔታ 2 ቴስላ፣ ለእጅና ለእግር ብቻ እንዲሁም ቁጥጥር በሚደረግበት ሁኔታ 8 ቴስላ። የልብ ምት ማስተካከያና መሰል መሣሪያ በሰውነቱ ላለ ሰው ጥንቃቄው ከ0.5 ሚሊቴስላ (ሚሊቴስላ የቴስላ አንድ ሺኛ ነው) ይጀምራል፤ ብረት ተስቦ እንዳይወረወር ደግሞ ከ3 ሚሊቴስላ። ይህ የመጨረሻው ቁጥር በ2004ቱም ውስጥ ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የሳበኝ ግን ጥቂት ሰው የሚያነሣው አንቀጽ ነው። ሠራተኛው ጊዜያዊ ምልክት ከተሰማው፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ በስም ተጠቅሰዋል፣ ይህንንም ካሳወቀ፣ አሠሪው አስፈላጊ ከሆነ የአደጋ ግምገማውንና የመከላከያ እርምጃውን እንደገና ያስተካክላል። በ2004 የሠራተኛው ስሜት በቁጥሩ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። አሁን «አዞረኝ» የሚለው ቃል አንድን ሰነድ ሊያስከፍት የሚችል ሆኗል።

በክፍሉ ውስጥ ይህ ምን ይመስላል? መፍትሔዎቹ ቀላል ናቸው። ወደ ማሽኑ ሲጠጉ እርምጃን ማዝገም፤ አፉ አጠገብ ጭንቅላትን ድንገት አለማዞር፤ ወደ ቱቦው ውስጥ አለማጎንበስ። የማሽኑን ውስጥ የሚያጸዳ ሰው ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ ከተሰጠው ጭንቅላቱን ከሚበረታው መስክ ያርቃል። የክትትል መሣሪያው ከመቆጣጠሪያው ክፍል የሚነበብ ከሆነ ባለሙያው በየደቂቃው መግባት አያስፈልገውም። ውስጥ መቆየት ግድ ሲሆን የጆሮ መከላከያ ያጠልቃል፤ ተራ እየተቀያየሩም ይሠራሉ። እርጉዝ ሠራተኛና በሰውነቷ መሣሪያ የተተከለላት ሠራተኛ ለብቻ ግምገማ ይደረግላቸዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሠራተኛው ሲናገር ነው። አንቀጹ «ካሳወቀ» ይላል። ማዞሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ ሕመምተኞች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ባልደረቦች ለምደውታል። አዲስ የገባ ሠራተኛ ሁሉም ዝም ያሉበትን ነገር እሱ ብቻ ቢያነሣ ለሥራው የማይሆን እንዳይመስል ሊሠጋ ይችላል። በማስታወሻ ደብተሩ ጥናት ያ ሁሉ ምልክት የተመዘገበው በየፈረቃው የሚጠይቅ ሰው ስለነበረ ነው።

ያ ጥናት ሲካሄድ የ7 ቴስላ ማሽን የምርምር ዕቃ ነበር። በ2017 አውሮፓም አሜሪካም የመጀመሪያውን የ7 ቴስላ ማሽን ለሕክምና እንዲውል ፈቀዱ። 4.17 የሚለው ቁጥር ያን ጊዜ የጥቂት ተመራማሪዎች ነበር፤ ማሽኑ ወደ ሆስፒታል ሲገባ የነርሷ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውና ማታ ክፍሉን የምታጸዳው ሴት ይሆናል። የእሷ አሠሪ ሆስፒታሉ ሳይሆን የጽዳት ድርጅት ከሆነ፣ ማዞሯን ለማን ትነግራለች? የሚሰማትስ ሰው ማሽኑን ያውቀዋል? በፈረቃው መዝጊያ ላይ ሁሉም በሚፈርሙበት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ብዙ አያስወጣም፦ ዛሬ አዞረሽ? የት ቆመሽ፣ ምን እያደረግሽ ሳለ?